ምዕራፍ 6፦ ካቡ ይቆማል ወይ?

ሰው ከገደል ወድቆ ወይም ከተገለበጠ መኪና ወጥቶ መሬት ላይ ሲጋደም፣ የከበበው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ተሰብሯል እንዴ?» ብሎ ነው። ለእጅና ለእግር ጥያቄው ይበቃል። ባለፉት ሁለት ምዕራፎች እንዳየነው የጭን ወይም የቅልጥም አጥንት ሲሰበር እግሩ ያጥራል፣ ይጣመማል፣ ያብጣል። ወጌሻውም ሐኪሙም የሚሠሩት ሥራ በመሠረቱ አንድ ነው፤ አጥንቱን ወደ ቦታው መልሶ እስኪገጥም ድረስ ማሰር። አከርካሪ ላይ ሲደርስ ግን ያ ጥያቄ ይከዳናል። አከርካሪው ተሰብሮ በእግሩ እየሄደ ቤቱ የሚገባ ሰው አለ። በራጅ ሲታይ ከዚያ ብዙም የማይብስ ስብራት ይዞ፣ ሆስፒታል ሲደርስ እግሩን ማንቀሳቀስ የተሳነውም አለ።

ይህን ልዩነት ለመረዳት የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች ከስልሳ ዓመት በላይ ተመራምረዋል። ከምርምራቸው የወጣው ሐሳብ አንድ ነው። ስለ አከርካሪ መጠየቅ ያለበት «ተሰብሯል ወይ?» ሳይሆን «የተሰበረው ሸክሙን ችሎ ይቆማል ወይስ ይናዳል?» የሚለው ነው። ሐኪሞች ይህን የአከርካሪ መረጋጋት ይሉታል። ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚለው በዚህ ይወሰናል። ከዚያም በላይ፣ ሐኪም ከመድረሱ በፊት የተጎዳው ሰው በእናንተና በእኔ እጅ እንዴት መነሳት እንዳለበት የሚወስነው ይኸው ነው።

ይህን ምዕራፍ ሰሜን ሸዋ ላይ አድርጌ የምጽፈው በምክንያት ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው የደብረ ብርሃን ሜዳ ወደ ምስራቅ ሲሄድ ድንገት ያልቃል። አንኮበር ላይ ቆሞ ወደ አልዩ አምባ ቁልቁል ያየ ሰው ይህን ያውቃል። ወደ ሰሜን የሚሄደው የደሴ መንገድም ጣርማበር ላይ ዋሻውን አልፎ በጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ ደግሞ ስያሜው በአንድ ቀዶ ሐኪም ነው። ኤድንብራ ተምረው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ዲን ሆነው ብዙ ሐኪሞችን ባፈሩት በፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ስም ይጠራል። ገደል፣ ቁልቁለትና በቀዶ ሐኪም ስም የተሰየመ ትምህርት ቤት ባንድ አካባቢ ስላሉ፣ ስለ አከርካሪ ስብራት ለማውራት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም።

ሦስት ረድፍ ድንጋይ

መንዝን ወይም የአንኮበርን ዳገት የሚያውቅ ሰው የድንጋይ ካብ ያውቃል። ደህና ካብ የሚክብ ሰው ድንጋዩን እንዲሁ አይከምረውም። በፊት በኩል ትልልቁን እየመረጠ ይደረድራል፤ በኋላም እንዲሁ። በሁለቱ መካከል የቀረውን ቦታ በትንንሽ ድንጋይ አጥብቆ ይሞላዋል። እንዲህ የተካበ ካብ ከፊቱ አንድ ሁለት ድንጋይ ቢረግፍ መልኩ ይበላሽ ይሆናል እንጂ አይወድቅም፤ መሐሉና ኋላው ይይዙታል። መሐሉ ጭምር ተንዶ ከወጣ ግን የቀረው አንድ ረድፍ ብቻውን ነው። ያኔ በግ ቢታከከው ይበቃዋል።

አከርካሪያችንም ከፊት ወደ ኋላ ሲታይ ሦስት ረድፍ አለው። አከርካሪ የሚባለው 33 አጥንቶች የተደራረቡበት ዓምድ ነው፤ 7 ከአንገት፣ 12 ከጀርባ፣ 5 ከወገብ፤ የቀሩት 9ኙ ታች ተጣብቀው የዳሌንና የጭራን አጥንት ሠርተዋል። የሚታጠፉና የሚዞሩት ላይኞቹ 24 ናቸው። የእያንዳንዳቸው ፊት ክብደት የሚሸከም ወፍራም ክብ አጥንት ነው። የዚህን ክብ አጥንት የፊት ግማሽ አንደኛው ረድፍ በሉት፤ የኋላ ግማሹን ሁለተኛው ረድፍ። ሦስተኛው ረድፍ ጀርባችንን በጣት ስንዳብስ የሚሰማን የጉጥ ሰልፍ፣ እርስ በርስ የሚያያይዙት መገጣጠሚያዎችና ጅማቶቹ ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ረድፍ መካከል ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ክፍት መንገድ አለ። በዚህ መንገድ ውስጥ ከአንጎል ጀምሮ እስከ ወገብ አንደኛና ሁለተኛ አጥንት አካባቢ ድረስ ህብለ ሰረሰር ይወርዳል። ርዝመቱ 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ውፍረቱ ከትንሽ ጣት አይበልጥም። «ተራመድ» የሚለው ትእዛዝ ወደ እግር የሚወርደው፣ «እሾህ ወጋኝ» የሚለው ወሬ ወደ አንጎል የሚወጣው በእሱ ነው። ሽንትና ሰገራን የሚቆጣጠረውም መስመር በዚሁ ያልፋል። የተቆረጠ የእጅ ነርቭ በጊዜ ከተሰፋ ቀስ በቀስ ሊያድግ ይችላል። የተበጠሰ ህብለ ሰረሰርን መልሶ የሚያገናኝ ሕክምና ግን እስካሁን የለም።

ካቡና አከርካሪው የሚለያዩበትም ነገር አለ። ካብን የሚያቆመው የድንጋዩ ክብደት ነው፤ አከርካሪን አንድ አድርጎ የሚይዘው ግን ጅማት ነው። ስለዚህ አከርካሪ አንድም አጥንት ሳይሰበር በጅማት መበጠስ ብቻ ሊናድ ይችላል። ራጅ ደግሞ አጥንትን እንጂ ጅማትን አያሳይም። «ራጁ ደህና ነው» የተባለ ሰው አንገቱ ላይ አሁንም ከባድ ሕመም ካለው፣ ሐኪሙ አንገቱን አስሮ ሌላ ምርመራ የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

የሼፊልድ ማዕድን ቆፋሪዎችና 412ቱ ሕመምተኞች

ይህን ሐሳብ መጀመሪያ መልክ ካስያዙት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ሰር ፍራንክ ሆልድስወርዝ ናቸው። የሚሠሩት ሼፊልድ ውስጥ ነበር። አካባቢው የድንጋይ ከሰል ማዕድን የሚቆፈርበት ስለሆነ፣ ጎንበስ ብሎ ሲቆፍር የዋሻው ጣሪያ ጀርባው ላይ የተናደበት ሰው በየጊዜው ይመጣላቸዋል። ሆልድስወርዝ ያደረጉት ነገር ሲነገር ቀላል ይመስላል። ጉዳቶቹን በአመጣጣቸው ለዩ፤ ታጥፎ የተሰበረውን፣ ታጥፎም ተጣሞም የተሰበረውን፣ በቀጥታ ሸክም የፈነዳውን። ከዚያ እያንዳንዱ ዓይነት በኋላ ምን እንደሆነ ተከታተሉ። ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ1963 ሲያወጡ ያገኙት መልስ ሐኪሞች ዓይናቸውን ከፊቱ አጥንት አንስተው ወደ ኋላው ጅማት እንዲያዞሩ አደረገ። የኋላው ጅማት ካልተበጠሰ፣ የፊቱ አጥንት ምንም ቢደቅ፣ አከርካሪው በአብዛኛው ይቆማል አሉ።

ይህን ለማወቅ ያመለከቱት ምርመራ ዛሬም ራጅ በሌለበት ጤና ጣቢያ ሊሠራ የሚችል ነው። ሕመምተኛው ሳይታጠፍ በጎኑ ይደረጋል፤ ሐኪሙ በጣቱ ጫፍ የጀርባውን ጉጦች ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ እየነካ ይወርዳል። ጉጦቹ በተመጣጠነ ርቀት ይሄዱና አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ስምጥ ይላል። በሁለት ጉጦች መካከል መኖር ያልነበረበት ክፍተት አለ፤ ሕመምተኛውም እዚያ ሲነካ ይጮኻል። ያ ክፍተት ጅማቱ መበጠሱን ይናገራል። እንዲህ ያለ ሰው እንዲቀመጥ አይደረግም።

ሆልድስወርዝ አከርካሪን በሁለት ረድፍ ነበር የከፈሉት፤ ፊትና ኋላ። መሐሉን ማየት የሚያስችል መሣሪያ በዘመናቸው አልነበረም። ሲቲ ስካን እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ እየተስፋፋ ሲመጣ አከርካሪን እንደ ዳቦ ቆርጦ ማየት ተቻለ። በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ የሚሠሩት ቀዶ ሐኪም ፍራንሲስ ዴኒስ የ412 ሕመምተኞችን ጉዳት መርምረው እ.ኤ.አ. በ1983 ውጤታቸውን ሲያሳትሙ ሦስተኛውን፣ የመሐሉን ረድፍ አመጡ። ቁልፉ ያለው እዚያ ነው አሉ። የፊቱ ብቻ ሲደቅ አጥንቱ እንደ ሽብልቅ ይሆናል፤ ሰውየው ያመዋል፣ ይጎብጣል፣ ነገር ግን ነርቩ ከሞላ ጎደል ደህና ነው። መሐሉ ጭምር ሲፈነዳ ስባሪው የሚሸሽበት ቦታ ያጣና ወደ ኋላ፣ ህብለ ሰረሰሩ ወዳለበት መንገድ ይገባል። ሦስቱም ረድፍ ሲሄድ የላይኛው አከርካሪ ከታችኛው ላይ ተንሸራትቶ ይወርዳል፤ በመካከል ያለው ህብለ ሰረሰር የሚተርፈው በተአምር ነው።

«ከሦስቱ ሁለቱ ከሄዱ አይቆምም» የሚለው የዴኒስ ደንብ በየሆስፒታሉ ሠልጣኝ ሐኪም በቃሉ የሚይዘው ሆነ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ደንቡ ከሚገባው በላይ ጥብቅ መሆኑን አሳይተዋል፤ መሐሉ ፈንድቶ ኋላው ጅማት ደህና ከሆነ ብዙ ጊዜ ይቆማል። በዚህ ነገር ሆልድስወርዝ ትክክል ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሌክሳንደር ቫካሮ የተመራ የሐኪሞች ቡድን ሁለቱን ያስታረቀ የነጥብ አሰጣጥ አወጣ። ሐኪሙ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ አጥንቱ እንዴት ተሰበረ? የኋላው ጅማት አለ ወይስ ተበጥሷል? ነርቩስ እንዴት ነው? ድምሩ 3ና ከዚያ በታች ከሆነ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ 5ና ከዚያ በላይ ከሆነ በቀዶ ሕክምና፣ 4 ከሆነ በሐኪሙ ውሳኔ።

ቁልቁለቱና መንገዱ

ሰው ከፍ ካለ ቦታ ወድቆ በእግሩ ሲያርፍ ምን ይሆናል? ከአንኮበር ዳገት፣ ከባሕር ዛፍ ጫፍ፣ ከሚሠራ ቤት ጣሪያ ሊሆን ይችላል። ምቱ በመጀመሪያ ተረከዙን ያገኛል፤ ከዚያ በቅልጥሙና በጭኑ ወጥቶ ዳሌውን አልፎ አከርካሪው ውስጥ ይገባል። የወገብ አከርካሪ ተለዋዋጭ ነው፣ ይታጠፋል። ከሱ በላይ ያለው የደረት አከርካሪ ግን በጎድን አጥንት ታስሮ ደርቋል። ተለዋዋጩና ደረቁ የሚገናኙበት፣ ከመጨረሻው ጎድን እስከ ወገብ መጀመሪያ ያለው አካባቢ፣ ምቱን ሁሉ ይቀበላል። በወገብና በጀርባ ላይ ከሚደርሱ ስብራቶች ብዙዎቹ በዚህ ጠባብ ቦታ ላይ የሚገኙት ለዚህ ነው። ህብለ ሰረሰሩ የሚያልቀውም እዚያው አካባቢ መሆኑ ክፉ አጋጣሚ ነው። ስለዚህ ከከፍታ ወድቆ ተረከዙ የተሰበረ ሰው ሲመጣ፣ ሕመምተኛው ስለ ወገቡ ምንም ባይናገርም አከርካሪውን መመርመር የታወቀ የሕክምና ደንብ ነው። የእግሩ ሕመም የወገቡን ሕመም ይሸፍነዋል።

መንገድ ላይ የሚደርሰው ጉዳት የተለየ ጠባይ አለው። መኪና ከመኪና ሲጋጭ ወይም ሲገለበጥ አካል ይቆማል፣ ጭንቅላት ይቀጥላል፤ አንገት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ይታጠፋል። በወገብ ብቻ የሚታሰር ቀበቶ ያደረገ ሰው ደግሞ ከቀበቶው በላይ ያለው አካሉ ወደ ፊት ሲወረወር የኋላው ረድፍ ተቀዶ ይከፈታል። በትከሻም የሚያልፍ ቀበቶ ይህን ይከለክላል። በአዲስ አበባ ኮሪያ ሆስፒታል እየተባለ በሚጠራው በሚዩንግሰንግ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች ያጠኑ የኢትዮጵያና የኖርዌይ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ጽሑፍ ደግሞ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ያሳያል። ከተጎዱት የሚበዙት ወጣት ወንዶች ናቸው፤ ዋናው ምክንያት የመኪና አደጋ ነው፣ ቀጥሎ መውደቅ። ቤተሰብ የሚያስተዳድረው፣ የሚያርሰው፣ የሚነዳው ሰው ነው የሚወድቀው።

ሦስተኛ ዓይነትም አለ፤ ምንም አደጋ የማያስፈልገው። አጥንታቸው በዕድሜ የሳሳ እናቶች እንስራ ሲያነሱ ወይም ተደናቅፈው ሲቀመጡ የፊቱ ረድፍ ይደቅቃል። ከዓመት ዓመት እየጎበጡ የሚሄዱት ብዙዎቹ በዚህ ነው። ካባቸው ይቆማል፤ ሕመማቸው ግን እውነተኛ ነውና «እርጅና ነው» ተብሎ ብቻ መታለፍ የለበትም።

የአበበ ሌሊት

የሸዋ ልጅ ስለሆነ አንድ ሰው እዚህ ቦታ አለው። አበበ ቢቂላ ጃቶ በምትባል የሸዋ መንደር ተወልዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም በባዶ እግሩ፣ በ1964 በቶኪዮ ደግሞ በጫማ ማራቶንን ያሸነፈ ሰው ነው። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት የሚነዳት ቮልስዋገን ከመንገድ ወጥታ ተገለበጠች። እስኪነጋ ድረስ መኪናው ውስጥ ተይዞ አደረ። ጠዋት ወጥቶ ወደ ክብር ዘበኛ ሆስፒታል ተወሰደ። ጉዳቱ አንገቱ ላይ ነበር፤ እጁንም እግሩንም ማንቀሳቀስ አልቻለም።

ከሳምንት በኋላ ወደ እንግሊዝ አገር ወደ ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተላከ። ምርጫው የዘፈቀደ አልነበረም። በዚያ ሆስፒታል ከናዚዎች ሸሽተው የመጡት የነርቭ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን እ.ኤ.አ. በ1944 የህብለ ሰረሰር ጉዳት ክፍል ከፍተው ነበር። ከሳቸው በፊት ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ይሞታል ተብሎ ነበር የሚታሰበው። የሚገድለው ግን ስብራቱ አልነበረም። ስሜት በሌለው ቆዳ ላይ የሚወጣው የአልጋ ቁስልና በሽንት መስመር የሚገባው ኢንፌክሽን ነበር። ጉትማን ሕመምተኛው ሌሊትም ቀንም በየሁለት ሰዓቱ እንዲገለበጥ አደረጉ፤ ሽንቱ በንጽሕና እንዲወጣ አደረጉ፤ ከዚያ ኳስና ቀስት አስያዙት። ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው እ.ኤ.አ. በ1948 በሆስፒታሉ ግቢ ከተደረገ ውድድር የተነሳ ነው።

አበበ እዚያ በገባበት በዚያው ዓመት፣ የሆስፒታሉ ሐኪም ሃንስ ፍራንክልና ባልደረቦቹ የህብለ ሰረሰር ጉዳትን ከሀ እስከ ሠ እንደማለት በአምስት ፊደል የሚለይ ጥናት አሳተሙ። የመጀመሪያው ፊደል ከጉዳቱ በታች እንቅስቃሴም ስሜትም የሌለበት ነው፤ የመጨረሻው ፍጹም ደህና የሆነው። በየመካከሉ ስሜት ብቻ ያለው፣ የማይጠቅም እንቅስቃሴ ያለው፣ የሚጠቅም እንቅስቃሴ ያለው አለ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ያሉ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት መለኪያ ከዚህ የተወለደ ነው። ዋጋው ይህ ነው፦ ዛሬ የተሰጠው ፊደል ነገ ከተሰጠው ጋር ሲነጻጸር ሕመምተኛው እየተሻለው ነው ወይስ እየባሰበት እንደሆነ ይታወቃል።

ፊደሉን ለመስጠት ሐኪሙ ጣትና እግር ማንቀሳቀስ ብቻ አይበቃውም። በመርፌ ጫፍ የመቀመጫውን አካባቢ ይነካና «ይሰማሃል?» ይላል። እግሩ ፈጽሞ የማይንቀሳቀስ ሰው እዚያ ቦታ ላይ ስሜት ካለው፣ የተወሰነ መስመር አሁንም ከላይ እስከ ታች ሳይበጠስ ወርዷል ማለት ነው። የዚህ ሰው ተስፋ ምንም ከማይሰማው ሰው ተስፋ እጅግ ይበልጣል። ደግሞም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ህብለ ሰረሰሩ በድንጋጤ ዝም ሊል ስለሚችል፣ ደህና ሐኪም በመጀመሪያው ሰዓት «አበቃለት» አይልም።

አበበ ስቶክ ማንዴቪል ውስጥ ስምንት ወር ያህል ቆየ። እጆቹ ተመለሱለት፤ እግሮቹ አልተመለሱም። እ.ኤ.አ. በ1970 በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች በቀስት ውርወራና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ በዓመቱ ኖርዌይ ሄዶ በ25 ኪሎ ሜትር የበረዶ ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ከአደጋው ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ በ41 ዓመቱ አረፈ። አበበ ደህና እንክብካቤ አግኝቷል። ማራቶን አላሸነፈም ተብሎ ይህ እንክብካቤ ለማንም ገበሬ ወይም ሹፌር ሊጎድልበት አይገባም እላለሁ።

ብሎን ወይስ አልጋ

ጉትማን ቀዶ ሕክምናን አይወዱም ነበር። ሕመምተኛውን በትራስ ደግፎ አስተካክሎ ማስተኛት ይበቃል ይሉ ነበር። ሆልድስወርዝ በበኩላቸው የሚናደውን አከርካሪ በብረት ማሠር ያስፈልጋል ባይ ነበሩ። ክርክሩ ረጅም ዘመን ወስዷል። ሚዛኑ ወደ ቀዶ ሕክምና ያዘነበለው ብረቱ ሲሻሻል ነው። ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም ሬይሞንድ ሯ ካሚይ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ከኋላ ተነስቶ በአጥንቱ አንገት በኩል ወደ ፊተኛው ክብ አጥንት የሚገባ ብሎን መጠቀም ጀመሩ። ከተሰበረው በላይና በታች ያሉት ደህና አጥንቶች በብሎንና በዘንግ ይያያዛሉ። አንድ ብሎን ሦስቱንም ረድፍ ወግቶ ስለሚይዝ አያያዙ ብርቱ ነው።

ብሎኑ ህብለ ሰረሰሩን አያድነውም፤ ይህን ቤተሰብ ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኛል። የሚሠራው ሥራ ካቡን ማቆም ነው፤ ሰውየው ሳምንታት ተጋድሞ ከመቁሰል ተርፎ ቶሎ እንዲቀመጥና በዊልቸር እንዲለማመድ፣ በከፊል የተረፈው መስመርም እንደገና እንዳይቀጠቀጥ። ስብራቱ የሚቆም ዓይነት ከሆነ ደግሞ ብሎን አያስፈልግም። የፈነዳ ግን የተረጋጋ፣ ነርቩ ደህና የሆነ ስብራት ያለባቸውን ሰዎች በዕጣ ለሁለት ከፍሎ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ቀዶ የተደረገላቸው በጄሶና በደጋፊ ቀበቶ ከታከሙት በረጅም ጊዜ የተሻለ ነገር እንዳላገኙ አሳይቷል። ሐኪሙ «ቀዶ ሕክምና አያስፈልግህም፣ ይህን ቀበቶ ለሦስት ወር ታጠቅ» ሲል ቸል ማለቱ አይደለም።

በአገራችን የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2006 ከኖርዌይ በርገን ጋር በመተባበር ተጀመረ። አሁን በአገር ውስጥ የሚሠለጥኑ የአጥንትም የነርቭም ሐኪሞች አሉን። የሚጎድለን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ነው፤ የሚገለብጥ እጅ፣ ፊዚዮቴራፒ፣ ዊልቸር የሚገባበት ደጃፍ። እዚህ ላይ በጉትማን ዘመን ከነበረው ብዙ አልራቅንም።

አራት ሰውና አንድ መዝጊያ

አሁን ወደ መንገዱ ዳር እንመለስ። ካቡ ይቆም እንደሆነ በዓይን አይታወቅም። ስለዚህ ከከፍታ የወደቀን፣ መኪና የተገለበጠበትን፣ አንገቱን ወይም ወገቡን የሚያመውን፣ እጁ ወይም እግሩ የደነዘዘውን፣ ራሱን የሳተውንም ሰው ሁሉ «ይናዳል» ብሎ መያዝ ነው ደንቡ። በአገራችን ሰው ወድቆ ሲያይ ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም፤ ሁለቱ በብብቱ ሁለቱ በእግሩ ይዘው ብድግ ያደርጉታል። ይህ ደግነት ነው። ነገር ግን በብብትና በእግር የተያዘ ሰው መሐሉ ይጎብጣል፤ ፈንድቶ የነበረው ስባሪ ያኔ ወደ ኋላ ይገፋል።

ወጌሻም ቢሆን። በምዕራፍ 4 ዶክተር መኮንን እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተሙትን ጥናት አይተናል፤ አጥብቆ በማሰር ምክንያት የሚመጣው የእግርና የእጅ መበስበስ ወጌሻዎች አጭር ሥልጠና ሲያገኙ ቀንሷል። ወጌሻ የሚማርና የሚከበር ባለሙያ ነው። ለአከርካሪ ግን ማሸት፣ መጎተት፣ «ቦታው ላይ መመለስ» የሚባል ነገር የለም። ወጌሻው እዚህ የሚሠራው ትልቁ ሥራ «እኔ አልነካውም፣ ሆስፒታል ውሰዱት» ማለት ነው።

አነሳሱ እንዲህ ነው። እሳት ወይም ሌላ የሚመጣ አደጋ ከሌለ ሰውየውን ካለበት አታንቀሳቅሱት። መተንፈሱን እዩ። አንድ ሰው ከራስጌው ተንበርክኮ በሁለት መዳፉ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ይያዝ፤ አፍንጫው ከእምብርቱ ጋር ቀጥ ይበል፤ አይጎትተው፣ አያጣምመው። ይህ ሰው እስከ መጨረሻው እጁን አያነሳም፣ ትእዛዝ የሚሰጠውም እሱ ብቻ ነው። ሌሎች ሦስት ሰዎች በአንድ ጎን ይሰለፉ፤ አንዱ ትከሻውን፣ አንዱ ዳሌውን፣ አንዱ ጉልበቱን ይያዝ። ራስጌ ያለው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲል ሁሉም እኩል ወደ ራሳቸው ያዙሩት፤ ትከሻና ዳሌ እኩል ይዙሩ። አምስተኛ ሰው ካለ የበር መዝጊያ፣ ጣውላ ወይም ወሳንሳ ከጀርባው ያስጠጋ፤ ጋቢ ይነጠፍበት። እንደገና በቁጥር ወደ ኋላ ይመልሱት። ሁለት ጋቢ ጠቅልላችሁ በጭንቅላቱ ግራና ቀኝ አስደግፉ። ሊያስመልሰው ከሆነ ጭንቅላቱን ብቻ አታዙሩ፤ መላ አካሉን በዚሁ አኳኋን በጎኑ አድርጉት። ባጃጅ ላይ ወይም በሚኒባስ ወንበር ላይ አታስቀምጡት። ተጋድሞ የሚሄድበት መኪና እስኪገኝ መጠበቅ ይሻላል።

ጣውላው ለመሸጋገሪያ ነው። ስሜቱ የጠፋ ሰው ጠንካራ እንጨት ላይ ሰዓታት ከተኛ የመጀመሪያው የአልጋ ቁስል እዚያው ይጀምራል። ከአንኮበር ደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ የሚላክ ሕመምተኛ ይዛችሁ የምትሄዱ ቤተሰቦች፣ ሆስፒታል እንደደረሳችሁ «ከጣውላው ይውረድልን፣ በየሁለት ሰዓቱስ ማን ይገለብጠዋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል አምቡላንስ ነጻ የስልክ ቁጥር 907 ነው። ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። በሚቀጥለው ዕድር ወይም ማኅበር ስትሰበሰቡ አራት ሰው አስነሱና አንድ ጤነኛ ሰው መሬት ላይ አስተኝታችሁ ከላይ የተጻፈውን ተለማመዱት።